ፕሬዚዳንቱ የሸለሙት ጠመንጃ

ማህዲ ከፈጅር ሶላት በኋላ የአባቱን ዓይን ከደነ። አገጫቸውን በጨርቅ አስሮ፣ እግራቸውን አቃንቶ፣ ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ከሳበላቸው በኋላ በሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና የቅሬውን ለፋፊ መጠበቅ ጀመረ።

ሐይቅ ከተማ ሰው ሲሞት ወጉ የታወቀ ነው። የጎረቤት ልቅሶ ከቅሬው፣ ከመንደሩ የቀብር ዕድር፣ ዳኛ ጆሮ ይደርሳል፤ ለፋፊው በየመንደሩ እየዞረ «ቅሬ ውጣ!» ይላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ገሚሱ ይቆፍራል፣ ገሚሱ ቃሬዛ ይሸከማል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ሬሳ የቤተሰቡ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የቅሬው ነው። ያን ዕለት ግን ፀሐይ ወጥታ ቆርቆሮውን እስክታሞቀው ድረስ ለፋፊው ድምፁን አላሰማም። ጎረቤቶቹ የማህዲን ልቅሶ ሰምተዋል፤ ሰምተውም በራቸውን ገርበብ አድርገው ቁጭ ብለዋል።

ምክንያቱን ማህዲ ማንንም አይጠይቅም። በጦርነቱ ከተማዋን ይዘው የነበሩት ታጣቂዎች ለቀው በሄዱ ማግስት ቅሬው ተሰብስቦ አግዶታል። «ነገሩ እስኪጣራ እሳት እንዳትሰጡት፣ ውሃ እንዳታቀብሉት፣ በደስታም በሐዘንም ደጁን እንዳትረግጡ» ተብሏል። ነገሩ የተባለው የባለሱቁ የኑርዬ ደም ነው። ሕያው ሰው እንደምንም ያለ ቅሬ ይኖራል፤ ክብሪቱን ከሱቅ ይገዛል፣ ውሃውን ከሐይቁ ይቀዳል። ሬሳ ግን ራሱን አይቀብርም፤ ጀናዛ ደግሞ አያድርም። እስከ አሱር ሶላት ድረስ ቅሬው ካልወጣ፣ እኒያ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መቃብር ሲቆፍሩ የኖሩ ሽማግሌ አገር እንደሌለው ሰው ሊቀበሩ ነው፤ ያውም በልጃቸው አፍ ጦስ።

አዎ፣ የማህዲ ጥፋት ከእጁ አይደለም፤ ከአፉ ነው። ጅዳ ብዙ ዓመት መኪና ነድቶ ሲመለስ ያመጣው ሀብት አንድ ሻንጣና ያ አፉ ነበር። ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ልጀምር ባለበት ዘመን ማህዲም አሰበ። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የሚያስጎበኙ ዲያቆናት አሉ፤ ሐይቁን ደግሞ ጀልባ ያላቸው ያሳያሉ። ለእሱ ምን ተረፈ? ፕሬዚዳንቶች ተረፉለት። ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ መንገድ ዳር የተቀመጠ ደግሞ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ያያል። የአገሩም የክልሉም መሪ በየዘመኑ አልፎባታል፤ ሲያልፍም የጠማው ጠጥቷል፣ ጎማ የፈነዳበት ቆሟል። ማህዲ ሽማግሌዎቹን እየዞረ ጠየቀና ከመናኸሪያው እስከ ሐይቁ ዳር በእግር የሚያስኬድ ጉብኝት አበጀ። ስሙንም «የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች መንገድ» አለው።

በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አንዱ ፕሬዚዳንት የተከሉት ግራር ነበር፤ የተከሉት ደርቆ በቦታው ሌላ መተከሉን ማህዲ አያነሳም። ሌላው ፕሬዚዳንት ያደሩበት የእንግዳ ማረፊያም ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የእትዬ ተሻለች ቤት ነበር። ተሻለች ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ መበለት ናት። እዚያ ቤት አንድ ፕሬዚዳንት፣ ገና ምንም ሳይሆኑ፣ ቆሮሶ በልተው «የዚህን ዓሣ ነገር መቼም አልረሳም» ብለው፣ እንደ ባለሥልጣን ሁሉ ረስተዋል። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ የማህዲ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከጊዜ በኋላ እሱም ራሱ አይለየውም ነበር።

በመካከሉ የኑርዬ ሱቅ ነበረ። እዚያ በረንዳ ላይ አንድ ፕሬዚዳንት መኪናቸው ተበላሽቶባቸው ተቀምጠው ከኑርዬ አባት እጅ ውሃ ጠጥተዋል፤ ይኸኛው እውነት ነው ይባላል። አንድ ቀን ማህዲ ከደሴ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይዞ ሲዞር ፀሐዩ ከረረና ልጆቹ ስልካቸውን መጎርጎር ጀመሩ። ለሚያወራ ሰው ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ማህዲ በረንዳው ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ለዚያች ውሃ ውለታ ለኑርዬ አባት ጠመንጃ ሸለሟቸው። ጠመንጃው እስከ ዛሬ እዚህ ቤት ውስጥ አለ» አላቸው። ልጆቹ ቀና አሉ። ከመካከላቸው አንድ ጠይም፣ ቀጭን ልጅ ምን ዓይነት ጠመንጃ እንደሆነ፣ ማየት ይቻል እንደሆነ እየጠየቀ አልጠግብ አለ። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃው ከማህዲ ወሬ ቀርቶ አያውቅም።

«አንተ ቀጣፊ!» ይለው ነበር ኑርዬ እየሳቀ። «አባቴ ከከዘራ በቀር ምን ይዞ ያውቃል?»

«ውሃና ብስኩት እየተሸጠልህ ምን ቸገረህ?»

«እሱስ ልክ ነህ። ለሚቀጥሉት መድፍ ጨምርላቸው።»

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከሰሜን እየገፋ መጥቶ ሐይቅ ገባ። እግር ያለው ወደ ደሴ ሸሸ፣ ከደሴም ወደ ኮምቦልቻ። ማህዲ አባቱ መራመድ ስለማይችሉ ቀረ። ኑርዬ ሱቄን ለማን ትቼ ብሎ ከሚስቱ ከመስኡዳ ጋር ቀረ። ተሻለችም ቀረች፤ ወጣት ወንድ የተገኘ እንደሆን ሚሊሻ ነህ ተብሎ ይወሰድ ነበርና፣ ልጇን ታረቀኝንና ሌሎች የሰፈር ልጆችን ጓዳዋ ውስጥ ደብቃ ትጠብቅ ነበር። ይህን ከማህዲ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ማህዲ ለአባቱ ዱቄት ፍለጋ ወጥቶ በመናኸሪያው በኩል ሲያልፍ አንድ ድምፅ በስሙ ጠራው።

«ማህዲ! የፕሬዚዳንቶቹ ማህዲ!»

ክላሽ ያነገበ ጠይም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ከኋላው የሚያዛቸው ወጣት ታጣቂዎች አሉ። ያ ተማሪ ነበር።

«ረሳኸኝ? ከደሴ መጥተን ፀሐይ ላይ ያንከራተትከን!»

ማህዲ መፍራት ነበረበት፤ ፈርቷልም። ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ከፍርሃቱ ሥር አንድ የሚያሳፍር ደስታ ብልጭ አለበት። ስንት ቀን ሙሉ ስሙን የጠራው ሰው አልነበረም። ከተማው ጭር ብሏል፣ ሰው ለሰው መነጋገር ትቷል። አሁን ግን አንድ ሰው፣ ያውም ከዓመታት በኋላ፣ ወሬውን ሳይረሳለት መጣ።

«እስቲ ለጓዶቼም አሳያቸው» አለው ሰውየው እየሳቀ። ክላሽ የያዘ ሰው ሲስቅ ልመናውና ትእዛዙ አይለይም። ማህዲ ከፊት ቀደመ።

ግራሩን አሳያቸው። ማረፊያውን አሳያቸው። እየሄደ አፉ ተፈታ፣ እጁም ተፈታ። በየመጋረጃው ጥግ የሚያዩ ዓይኖች እንዳሉ ያውቃል፤ ማህዲ ኸሚስ ታጣቂ አስከትሎ በጣቱ ቤት እያመለከተ ሲሄድ ያየ ሰው ምን እንደሚል ግን አላሰበም። ኑርዬ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ማህዲ እንደ ወትሮው እጁን ወደ በረንዳው ዘርግቶ መኪናው እንዴት እንደቆመ፣ ውሃው በምን እንደቀረበ ተረከ። ታጣቂዎቹ ሰለቻቸው፤ አንዱ አዛጋ። ያን ጊዜ ማህዲ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ድምፁን ዝቅ አደረገና ጠመንጃውን ጨመረ።

ያዛጋው ልጅ አፉን ገጠመ። «የት ነው ያለው?» አለ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉት ይኸ ነው። ማህዲ የተናገረውን ራሱ የሰማው ከሁሉም በኋላ ነው። «ጨዋታ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ወላሂ ጨዋታ ነው፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት!» ኑርዬም ማለ፣ ተገዘተ። ታጣቂዎቹ ሱቁን ገለበጡት፤ ዘይቱን ደፉ፣ የማሽላውን ጆንያ ቀደዱ፣ ወለሉን ቆፈሩ። ምንም ሲያጡ ጭራሽ ባሰባቸው።

«ያኔ ተማሪ ሆኜ እውነት የነበረው ዛሬ ፈጠራ ሆነ?» አለ ጠይሙ ሰው። አሁን አይስቅም።

ኑርዬን ወደ ጓሮ ወሰዱት። ተኩሱ ሲሰማ ማህዲ እዚያው በረንዳው ላይ ነበር። መስኡዳ ከተኮራመተችበት ከመደርደሪያው ሥር ብድግ ብላ አየችው። አልጮኸችም፣ አልረገመችውም፤ ማየት ብቻ ነው ያየችው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚነሳው ያ ማየቷ ነው።

«ቀጥል» አሉት።

በሬ ካራጁ ይውላል፤ ቀጠለ። ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፕሬዚዳንቶቹን ከሰው ቤት ሁሉ ማስወጣት ያዘ። አንዱን ገደል አፋፍ ላይ አቆማቸው፤ ሌላውን በተቃጠለ መጋዘን ውስጥ አሳደራቸው። ያን ያህል ዓመት ሲያወራ እንደዚያ ቀን ተጨንቆ አውርቶ አያውቅም። ጠይሙ ሰው ግን ልቡ ዓሣው ዘንድ ነበረ።

«ዓሣ የተበላበት ቤትስ? አንዲት ሴትዮ ነበረች» አለ።

የእትዬ ተሻለች አጥር ከፊታቸው ነው። ማህዲ አጥሩን እንዳላየ አለፈውና ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ገዛ ቤቱ ወሰዳቸው። «ይኸ ነው። ሴትዮዋ ሸሽታለች» አለ።

አባቱ አቶ ኸሚስ መደብ ላይ ጋደም ብለው ነበር። ዓሣና ፕሬዚዳንት ሲጠየቁ ግራ ገባቸው። «እዚህ ቤት ከኔና ከልጄ በቀር የበላ ሰው የለም» አሉ፤ እሳቸው ውሸት አያውቁም። የሚደብቁት ነገር አለ ተብሎ በሰደፍ ተመቱ። ያለቻቸው አንዲት ፍየልም ተነዳች። አባቱ ከዚያ በኋላ ከመደቡ አልተነሱም። ታጣቂዎቹ ወጥተው፣ የሸሸው ሰው ተመልሶ፣ ታኅሣሥ እስኪገባ ድረስ ጎናቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ቆዩ።

«ለምን ወደ እኛ አመጣሃቸው?» ብለው ጠየቁት አንድ ቀን፣ ትንፋሽ እያጠራቸው።

«የእትዬ ተሻለች ጓዳ ልጆች ነበሩበት።»

«አብሽር። ደግ አደረግህ።» ትንሽ ቆዩና፣ «የኑርዬንስ?» አሉ።

ማህዲ ውሃ ልቅዳ ብሎ ወጣ። አባቱም ዳግመኛ አልጠየቁም።

አሁን እኒያው አባት ጋቢ ተከናንበው ቅሬ ይጠብቃሉ። ለቀትር ጥቂት ሲቀረው የቅሬው ዳኛ ሼህ አብዱልመናን ሰዉን አስከትለው መጡ። ደጁን አልረገጡም፤ ከአጥሩ ውጭ ካለው ሾላ ሥር ተቀመጡ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ቁርዓን ይዘዋል። ሴቶቹ ራቅ ብለው ቆሙ፤ መስኡዳም ተሻለችም ከመካከላቸው አሉ።

«ማህዲ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥህ» አሉ ሼኹ። «ኸሚስን ሳንቀብር መዋል ለኛም ሞት ነው። ግና ቅሬው ለሁለት ተከፍሏል። የዚህች ሴት እንባ ሳይደርቅ ቃሬዛ ብናወጣ ነገ ማን ያምነናል? የሚያውቅ ካለ ይናገር።»

መጀመሪያ የተነሳችው ተሻለች ናት። ነጠላዋን አስተካከለች።

«እኔ ምስክር ነኝ፣ እስጢፋኖስ ይስማኝ! በአጥሬ ቀዳዳ ሳይ ነበር። ሰውየው የኔን ቤት ሲጠይቀው ይኸ ልጅ ደጄን ዘሎ ወደ ራሱ ቤት ወሰዳቸው። ታረቀኝ ዛሬ በሕይወት ያለው በሱ ነው። ጋሽ ኸሚስ የሞቱት በኔ ልጅ ፈንታ ነው። ኧረ ለመሆኑ ጠቋሚ እንዲህ ያደርጋል?»

ሰዉ አጉረመረመ። የብዙዎቹ ፊት ፈታ አለ። አንዱ ሽማግሌ ለቁፋሮው ሰው ሊልክ አካባቢውን ቃኘ። ማህዲም ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቱ ሙሉ ተነፈሰ።

መስኡዳ ወደ ፊት መጣች። ድምፅዋ አልከረረም።

«እትዬ ተሻለች፣ አላህ ልጅሽን ያኑርልሽ» አለች። «እኔም የምለው ይኸንኑ ነው። ያንቺን ደጅ መዝለል ካወቀበት፣ የኔንም ደጅ መዝለል ያውቅ ነበር።»

ማጉረምረሙ ቆመ። ተሻለች ያድነዋል ብላ የሰጠችው ምስክርነት እዚያው ፊቷ ላይ ተገለበጠ፤ አለቀሰች።

ሼህ አብዱልመናን ቁርዓኑን ከጨርቁ አወጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ከኸሚስ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። መውጫውን ራሳቸው ከፈቱለት።

«ልጄ፣ ክላሽ ከኋላህ ነበር። ይኸን ሁላችንም እናውቃለን። እጅህን እዚህ ላይ አኑርና ‹የተናገርኩትን ሁሉ የተናገርኩት ተገድጄ ነው› በል። ከዚህ ሌላ አንጠይቅህም። ወዲያው ቅሬ ይወጣል።»

በሐሰት የማለ ዘሩ አይባረክም የሚል አገር ነው፤ ስለዚህ የማለን ሰው ማንም መልሶ አይጠራጠርም፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ቃሉም ዘጠኝ እጁ እውነት ነበር። መሄዱን ተገድዷል፤ ግራሩንም ማረፊያውንም ተገድዶ ነው ያሳየው። የቀረችው ያቺ አንዲት የጠመንጃ ወሬ ናት። ለእንግዳ ሁሉ ሲቀጥፍ የኖረ ሰው ለአባቱ ቀብር አንድ ጊዜ ቢቀጥፍ ምን አለበት? ማህዲ እጁን ዘረጋ። ወዲያው ዓይኑ ከመስኡዳ ዓይን ጋር ገጠመ። ያን ቀን ከመደርደሪያው ሥር ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የነበረውን ደስታ ሳይቀር ሰምታለች። አባቱም «የኑርዬንስ?» ብለው መልስ ሳያገኙ ሞተዋል።

እጁን ቁርዓኑ ላይ ሳያሳርፍ መለሰው።

«ሼኻችን፣ መሄዱን ተገድጃለሁ» አለ። «ጠመንጃውን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ሰልችቷቸው ነበር፤ እንዲሰሙኝ ፈለግሁ። ጠመንጃ የሚባል ነገር የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ኑርዬን የገደልኩት ወሬ ሳሳምር ነው።» ወደ መስኡዳ ዞረ። «አፉ በይኝ ለማለት አፍ የለኝም።»

ሼህ አብዱልመናን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቁርዓኑን ቀስ ብለው መልሰው ጠቀለሉ። ከዚያም፣ «የደሙ ባለቤት አንቺ ነሽ፣ መስኡዳ። ምን እናድርግ?» አሉ።

የመስኡዳ እንባ ያን ጊዜ ነው የመጣው።

«ይኸን ከአፉ መስማት ነበር የፈለግሁት» አለች። «አባባ ኸሚስን ቅበሯቸው፤ እሳቸው ምን አደረጉ? እሱ ግን አይጠባቸው፣ ቃሬዛውን አይንካ፣ አፈር አያልብሳቸው። ኑርዬን ያጠበው የለም፣ የተሸከመውም የለም። ሰው ሁሉ ሸሽቶ እኔ ብቻዬን ጓሮ ውስጥ በዶማ ቆፍሬ ቀበርኩት። እሱም አባቱን ከሩቅ ሆኖ ይይ።»

ማንም አልተቃወመም። ለፋፊው ተነሳ። «ኸሚስ ወደ አኼራ ሄደዋልና ቅሬ ውጣ!» የሚለው ድምፅ ከመናኸሪያው እስከ ሐይቁ ዳር ሲያስተጋባ፣ ከጠዋት ጀምሮ ገርበብ ብለው የዋሉት በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ማህዲ ያን ድምፅ ከንጋት ጀምሮ ሲጠብቀው ነበር። ሲሰማው ግን አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ከቤቱ ውስጥ አባቱ የሚታጠቡበት ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ የሚያጥቧቸው የሌላ ሰው ልጆች ናቸው።

ቃሬዛው ወጣ። ሙስሊሞቹ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» እያሉ፣ ክርስቲያኖቹ ዝም ብለው፣ ትከሻ እየተቀያየሩ ይሸከሙ ነበር። ታረቀኝ አንድ ጊዜ ተራ ገባ፤ ወዲያው ተመልሶ ሌላ ተራ ለመነ። ማህዲ ከሁሉም ኋላ፣ ብቻውን፣ ትከሻው ባዶውን ተከተለ።

መቃብሩ ከሐይቁ በላይ ባለው ተረተር ላይ ነው። ማህዲ ከቁልቋሉ አጥር ወዲህ ቆመ። ጉድጓድ ወርዶ ጀናዛውን የሚቀበል የሟች የቅርብ ሰው ነው፤ ወንድ ልጅ ካለ ወንድ ልጁ። ሰዎቹ ቃሬዛውን አስቀምጠው ተያዩ። ሼህ አብዱልመናን ወደ ቁልቋሉ ቀና አሉና መልሰው አቀረቀሩ። በመጨረሻ ከቆፋሪዎቹ አንዱ ዶማውን ጥሎ፣ ጫማውን አውልቆ ወረደ። የኑርዬ ታናሽ ወንድም ይማም ነው፤ ያኔ ደሴ ሸሽቶ የነበረ፣ ሲመለስ ወንድሙን ጓሮ ውስጥ ተቀብሮ ያገኘ። ውስጥ ብዙ ቆየ። ማህዲ ካለበት ሆኖ ከይማም አናት በቀር የሚታየው አልነበረም። ያም ጎንበስ ሲል ይሰወራል፣ ቀና ሲል ይታያል። ከዚያ ወጣና አፈሩ መውረድ ጀመረ።

ዱዓው አልቆ ሰዉ ሲበተን በቁልቋሉ በኩል አለፈ። ለማህዲ እጁን የሰጠውም ቃል የተናገረውም የለም። ይማም ከሁሉም ኋላ መጣ። አጠገቡ ሲደርስ ቆመ፤ ፊቱን ግን ወደ ሐይቁ እንዳዞረ ነበር።

«በቀኝ ጎናቸው ነው ያስተኛኋቸው» አለ። «የከፈናቸውን ማሰሪያ ፈትቻለሁ። ጉንጫቸውን አፈር አስነክቼ ወደ ቂብላ አዙሬያቸዋለሁ። ማወቅ ሐቅህ ነው።»

መልስ ሳይጠብቅ ሄደ።

ማህዲ ሰዉ ተረተሩን ወርዶ እስኪያልቅ ጠበቀና ወደ መቃብሩ ቀረበ። ከተቆለለው አፈር አንዲት ጓል ተንከባልላ እግሩ ሥር መጥታ ነበር። ሌላ ልጅ ቢሆን አንስቶ ወደ ቦታዋ ይመልሳት ነበር። በአካባቢው ሰው የለም፤ የሚያየውም አልነበረም። ማህዲ እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ ቆመ።